ከሰዓት ፀሐይ ለሚመታው የላሜራ በር የቁጥር ቁልፍ፦ ምርጫና አገጣጠም

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ሦስት ተማሪ ልጆች አሉን፤ የሚገቡበትና የሚወጡበት ሰዓት ይለያያል። እኔና ባለቤቴ ሥራ ስለምንውል ለእያንዳንዳቸው ቁልፍ አስቀርጸን ሰጥተን ነበር፤ እየጣሉ አስቸገሩን። በቅርቡ የለቀቀችው ሠራተኛችንም ቁልፍ ይዛ መሄድ አለመሄዷን አላውቅም። ስለዚህ የሳሎኑን በር በቁጥር የሚከፈት ላደርገው አስቤ እዚሁ ከተማ ታይዋን ገበያ ሄጄ ጠየቅሁ። አንዱ ባለመስታወት ነው፤ አሻራና ካሜራ አለው፣ በስልክም ይከፈታል። ሌላው ባትሪ የማይፈልግ፣ ቁጥሩ በእጅ የሚጫን ነው። በሩ የላሜራ ነው፤ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከሰዓት ፀሐይ ያርፍበታል። የምፈራው መብራት ሲጠፋ ልጆቹ ውጭ እንዳይቀሩ ነው። የሰፈራችን ብየዳ ሠራተኛ እኔ እገጥመዋለሁ ብሏል። የትኛውን ልግዛ? ከግቢው በር ላይ ይሻላል ወይስ ከሳሎኑ?»

ምላሽ፦ መብራት መጥፋቱን ከስጋትዎ ያውጡት። ለመኖሪያ ቤት የሚሸጡት የኤሌክትሮኒክስ የቁጥር ቁልፎች በአብዛኛው ከቤቱ የመብራት መስመር ጋር አይገናኙም። የሚሠሩት በበሩ ውስጠኛ ገጽ በሚገቡ ባትሪ ድንጋዮች ነው፤ ብዙውን ጊዜ አራት ባለ 1.5 ቮልት ዳብል ኤ፣ በድምሩ 6 ቮልት። መብራት ሦስት ቀን ቢጠፋም ቁልፉ አያውቀውም። ግራ መጋባቱ የሚመጣው በየቢሮው ከሚታየው የማግኔት ቁልፍ ነው። እሱ በ12 ቮልት የሚሠራ ነው፤ በሩን የሚይዘው ኤሌክትሪኩ ራሱ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ በሩ ይለቃል። መጠባበቂያ ባትሪ ቢደረግለትም ግማሽ አምፔር የሚስብ ማግኔት ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪን በስሌት በ14 ሰዓት ይጨርሳል፤ ያረጀ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በጣም ባነሰ ጊዜ። ለመኖሪያ ቤት የውጭ በር ማግኔት የሚያቀርብልዎት ካለ አይቀበሉ።

የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ ድንጋዩ ሲያልቅ። እሱም ቢሆን ድንገት አይደርስም። ጥሩ ቁልፍ ድንጋዩ ሲደክም ከፍቶ በገቡ ቁጥር በድምፅ ወይም በቀይ መብራት ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው ችላ ተብሎ ጭራሹን ቢሞት እንኳ ከውጭ በኩል የድንገተኛ ኃይል መቀበያ አለው፤ ወይ ባለ 9 ቮልት አራት ማዕዘን ድንጋይ አስጠግተው እየያዙ ቁጥሩን የሚመቱበት ሁለት የብረት ነጥብ፣ ወይ የስልክ ቻርጀር ገመድ ከፓወር ባንክ ጋር የሚሰካበት ቀዳዳ። ይህ የሌለውን ቁልፍ አይግዙ።

ሁለተኛው መስተካከል ያለበት ነገር፣ የቁጥር ቁልፍ በሩን አያጠነክርም። ቁልፍ ማስቀረጽን፣ መጥፋትን፣ «ማን ጋ አለ» የሚለውን ጥርጣሬ ያስቀራል፤ ይህ ለእርስዎ ቤት ትልቅ ጥቅም ነው። ሌባ ግን ቁጥር ሲገምት አይውልም። በብረት ዘንግ በመቃኑና በበሩ መካከል ገብቶ ይፈነቅላል፣ ወይም የመስኮቱን ፍርግርግ ይሞክራል። መቃንዎ በብሎኬቱ ላይ በስሚንቶ ብቻ የተለጠፈ ከሆነና ሲገፉት የሚነቃነቅ ከሆነ፣ ለቁልፉ ያሰቡትን ገንዘብ መጀመሪያ እዚያ ያውሉት።

ሦስተኛው፣ ሠራተኛዋ ይዛው ሄዳ ይሆናል የሚሉትን ቁልፍ የሚመለከት ነው። አዲሱ ቁልፍ እስኪገጠም አይጠብቁ፣ የአሁኑን ሲሊንደር፣ ማለትም መክፈቻው የሚገባበትን ክፍል፣ ዛሬ ይለውጡ። ሙሉውን ቁልፍ መፍታት አያስፈልግም። በሩን ከፍተው በጠርዙ በኩል፣ ከምላሱ በታች ያለውን አንድ ረጅም ብሎን ፈትተው፣ ቁልፉን ከተው ትንሽ ዞር ሲያደርጉት ሲሊንደሩ ተንሸራቶ ይወጣል። ይዘውት ሱቅ ይሂዱና ርዝመቱ እኩል የሆነውን ይግዙ፤ ከመሐል ብሎኑ ቀዳዳ ወደ ሁለቱም ጫፍ ይለኩ፣ ሁለቱ ወገን ሊበላለጥ ይችላልና። ይህን የምለው አሮጌው ቁልፍ በሩ ላይ እንዲቆይ ስለምፈልግ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ወደ ምርጫው ስንገባ ባለመስታወቱን ይተዉት። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ያለች፣ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ጥላ ውስጥ እንኳ ከ35 ዲግሪ ወዲያ የምትሄድ ከተማ ናት። ያ የአየሩ ሙቀት ነው። ቡናማ ወይም ጥቁር የተቀባ ላሜራ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት፣ 60 ዲግሪ መድረሱ አያስገርምም፤ እጅዎን አስደግፈው ማቆየት አይችሉም። አሁን ባለካሜራውን ያስቡት። የሚሠራው በሊቲየም ባትሪ ነው፤ አብዛኛው የሊቲየም ባትሪ ለሥራ የተፈቀደለት ጣሪያ 60 ዲግሪ፣ ለቻርጅ ደግሞ 45 ዲግሪ ነው። ወዲያው አይበላሽም፤ ዕድሜው እያጠረ፣ አንዳንዴም እያበጠ ይሄዳል። የንክኪው መስታወትም ሲግል አንዱን ቁጥር ሌላ አድርጎ ያነባል ወይም ዝም ይላል፤ ላብና አቧራ ያለበት ጣት ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። ከዚያ ላይ ቁጥሩ የሚበራው ከመስታወቱ በስተጀርባ በመሆኑ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታው ምንም አይታይም። ልጅ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው።

አሻራውንም እንደ ዋና መክፈቻ አይቁጠሩት። የትንንሽ ልጆች አሻራ ጥቃቅን ከመሆኑም ሌላ በዕድገት እየሰፋ ይሄዳል፤ ዛሬ የተመዘገበው ከዓመት በኋላ ላይታወቅ ይችላል። በስሚንቶ፣ በሳሙናና በበረኪና የሚሠራ እጅም መስመሩ ይደበዝዛል። እንደ ተጨማሪ ካለ ግድ የለም። በስልክ መክፈቱ የሚጠቅመው ቤቱ ውስጥ የማይቋረጥ ኢንተርኔት ሲኖር ነው፤ ዋይፋይ ያለው ቁልፍ ድንጋይም ቶሎ ይበላል። ለእናንተ ችግር መፍትሔው ቁጥር ነው፤ ካሜራና ስልክ ዋጋውን ከፍ የሚያደርጉና የሚበላሸውን ነገር የሚያበዙ ጭማሪዎች ናቸው።

ባትሪ የማይፈልገው መካኒካሉስ? ጠንካራ ነው፣ ሙቀትና አቧራ ይችላል፣ ግን አንድ ብዙዎች የማያውቁት ገደብ አለው። በአብዛኞቹ እነዚህ ቁልፎች የቁጥሩ ቅደም ተከተል ዋጋ የለውም፤ 2፣ 4፣ 7፣ 9 ብለው ቢጫኑም፣ 9፣ 7፣ 4፣ 2 ቢሉም ይከፈታል። ከ10 ቁጥሮች ውስጥ አራቱን የሚጠቀም ከሆነ ሊኖር የሚችለው ልዩ ልዩ ኮድ 210 ብቻ ነው፤ አምስት ቢያደርጉት 252። የኤሌክትሮኒክሱ ባለአራት አሃዝ 10,000፣ ባለስድስቱ 1,000,000 ነው። ኤሌክትሮኒክሱ በተከታታይ አምስት ጊዜ ያህል ከተሳሳቱበት ለጥቂት ደቂቃ ይዘጋል፣ መካኒካሉ ግን የፈለገ ቀኑን ሙሉ ቢሞክርበት አይቃወምም። ኮዱን ለመቀየርም ቁልፉን ከበሩ ፈትተው ውስጡን በፒንሳ ማስተካከል ይኖርብዎታል፤ ሠራተኛ በለቀቀ ቁጥር ይህን አያደርጉትም። ለሁሉም አንድ ኮድ ነው፤ ለልጅ ለብቻ፣ ለሠራተኛ ለብቻ የሚባል የለም። ስለዚህ ቦታው የግቢው በር ነው።

ለሳሎኑ በር የምመክረው ሦስተኛ ዓይነት ነው፤ ታይዋንም ሆነ ቀፊራ ሲዞሩ ይህንን ብለው ይጠይቁ፦ ከበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚለጠፍ፣ የሚጫኑ የጎማ ወይም የብረት ቁጥሮች ያሉት፣ በዳብል ኤ ድንጋይ የሚሠራ ቁልፍ። ከውጭ የሚታየው የቁጥር ሰሌዳው ብቻ ነው። ሞተሩ፣ ምላሱና ድንጋዩ ያሉት ከውስጥ፣ ፀሐይ የማያገኘው በኩል ነው። ለምዕራብ በር ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነበር፤ ሌላም አለ።

በከተማችን የሚበየደው የላሜራ በር አጥንቱ ወይ ባለ 38 ሚሊ ኤልቲዜድ ፕሮፋይል ወይ ባለ 20 በ40 ቱቦላሬ ነው። በበሩ ሆድ ውስጥ የሚቀበረው የኤሌክትሮኒክስ ቁልፍ ግን ከበሩ ጠርዝ እስከ እጀታው መሐል 60 ሚሊ ይፈልጋል፤ የፊት ሳህኑ 24 በ240 ሚሊ የሆነ፣ ውስጡም ሰፊ ሳጥን ነው። ይህን ለማስገባት ብየዳ ሠራተኛው የበሩን አቋሚ ብረት በቁመት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ ያወጣዋል። በሩ ጥንካሬውን ያጣው ማለት ነው፤ ያውም መቆለፊያው ባለበት ቦታ። የሚለጠፈው ዓይነት አንድ የገመድ ማለፊያ ቀዳዳና ሦስት አራት የብሎን ቀዳዳ ብቻ ነው የሚፈልገው።

በሩ የእንጨት ለሆነ ሌላ አንባቢ ነገሩ ይቀላል፤ በክብ ቀዳዳ የሚገባውን ዓይነት መግጠም ይቻላል፦ ፊት ለፊት 54 ሚሊ ቀዳዳ፣ በጠርዙ 25 ሚሊ፣ ከጠርዝ እስከ መሐል 60 ወይም 70፣ የበሩ ውፍረት ከ35 እስከ 45 ሚሊ። የአሉሚኒየም በር ለጠባብ ፍሬም ተብሎ የተሠራ ቁልፍ ይፈልጋል፤ ሌላውን አያስገቡበት። ሐረር ጀጎል ውስጥ ላሉ አንባቢዎች ደግሞ አንድ ቃል፦ ጌጋር በሚባለው ባህላዊ የሐረሪ ቤት የቆየ የተቀረጸ በር ላይ ድሪል አያሳርፉ። ጀጎል ከ2006 እ.ኤ.አ ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ በሩም የዚያ አካል ነው። ቁልፉን ከውስጥ ባለው በዘመኑ በተሠራ በር ላይ ያድርጉት።

ሱቅ ከመሄድዎ በፊት አራት ነገር ለክተው በወረቀት ይያዙ፦ የበሩን ውፍረት፣ በሩ ሲዘጋ በበሩና በመቃኑ መካከል ያለውን ክፍተት፣ የአቋሚው ብረት ወርድ፣ በሩ ወደ ውስጥ ወይስ ወደ ውጭ እንደሚከፈት። የሚለጠፈው ቁልፍ በተፈጥሮው ወደ ውስጥ ለሚከፈት በር ነው። ወደ ውጭ ለሚከፈት በር ማዕዘን ያለው ልዩ የምላስ መቀበያ ያስፈልጋል፤ በካርቶኑ ውስጥ ከሌለ ቁልፉ አይሠራልዎትም። ሱቁ ውስጥ ካርቶኑ ይከፈት። ድንጋይ ይግባበት፣ ኮድ ይመዝገብ፣ ይከፈት፣ ይቆለፍ። የአቧራና የውሃ መከላከያ ደረጃው ተጽፎ እንደሆነ ይዩ፤ አይፒ 65 ማለት አቧራ ፈጽሞ አያስገባም፣ የሚረጭ ውሃም ይችላል ማለት ነው፤ አይፒ 54 ጥላ ላለው በር ይበቃል፤ ምንም ያልተጻፈበት ለውስጥ ክፍል የተሠራ ነው ብለው ይቁጠሩት። የቁጥር ሰሌዳው ተንሸራታች ክዳን ካለው ያንን ይምረጡ። የአሠራር ወረቀቱ በቻይንኛ ብቻ ከሆነ ኮድ መሰረዣውን ሻጩ እዚያው እንዲያሳይዎት ያድርጉ፤ ማስገባቱን ሁሉም ያውቃል፣ መሰረዙን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ መግጠሙ። በሩን ሳያስተካክሉ ቁልፍ አይግጠሙ። በሩን ግማሽ ከፍተው እጀታውን ይዘው ወደ ላይ ያንሱት። ከ2 ሚሊ በላይ ከተነሳ ማጠፊያው ተበልቷል፤ መጀመሪያ እሱ ይለወጥ ወይም ይጠገን። ከዚያ በሩን ዘግተው ክፍተቱን ከላይ እስከ ታች ይዩ፤ ከ3 እስከ 5 ሚሊ እኩል ሆኖ መውረድ አለበት። እስካሁን በትከሻ ገፋ አድርገው የሚቆልፉት በር ከሆነ አዲሱ ቁልፍ በወር ውስጥ ያስቸግራችኋል። የሰው እጅ በሩን እየገፋ ያግዛል፤ ትንሿ ሞተር ግን ምላሱን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው የምትችለው። ምላሱ መቃኑን እየፈተገ የሚገባ ከሆነ ድንጋዩ በሳምንታት ያልቃል፣ በመጨረሻም የሞተሩ ጥርስ ይበላል። «ይህ ቁልፍ ድንጋይ ይበላል» ተብሎ ከሚመለሰው ብዙው በደለኛው በሩ ነው።

የሰፈራችሁ ብየዳ ሠራተኛ ይምጣ፣ ያስፈልጋል። ሥራው ግን ቁልፉ ከካርቶኑ ሳይወጣ መጀመርና ማለቅ አለበት። ቁልፉ በሩ ላይ እያለ ብየዳ አይደረግም፤ የብየዳው ኤሌክትሪክ በበሩ ብረት በኩል አልፎ የቁልፉን ኤሌክትሮኒክስ ያቃጥላል፣ ከዚያም ዋስትና ብሎ ነገር የለም። የሚያዝዙት ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቁልፉ በሚያርፍበት ቦታ በላሜራው ጀርባ 5 ሚሊ ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት መበየድ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የቁልፉ ብሎን 5 ሚሊ ከሆነ ጥርሱ የሚራራቀው 0.8 ሚሊ ነው፤ ላሜራው 1.5 ሚሊ ቢሆን የሚይዘው ሁለት ጥርስ እንኳ አይሞላም። በር በተወረወረ ቁጥር ይላላል፣ ከዚያ ቀዳዳው ይሰፋል። 5 ሚሊው ብረት ግን ስድስት ጥርስ ያህል ይይዛል። ሁለተኛው፣ በመቃኑ ላይ የምላሱ መቀበያ በሚያርፍበት ቦታ እንዲሁ ብረት መደረብና መቃኑ ከግድግዳው ጋር በደንብ መያዙን ማረጋገጥ።

ቁመቱን ከወለሉ 1 ሜትር ከ10 ያድርጉት፤ ትንሹ ልጅ ቁጥሮቹን እያየ እንጂ ከራሱ በላይ እየዳበሰ እንዳይጫን። ከአሮጌው ቁልፍ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ከቁልፉ ጋር የሚመጣውን የወረቀት ልክ በበሩ ላይ ለጥፈው ነጥቦቹን በሹል ብረት መትተው ምልክት ያድርጉ፣ አለዚያ ድሪሉ ላሜራ ላይ ይንሸራተታል። በ3 ሚሊ ጀምረው፣ በ6 አስፍተው፣ የገመዱን ቀዳዳ ድሪሉ ላይ በሚገጠም የቀዳዳ ማውጫ መጋዝ ይጨርሱ፤ ድሪሉ በዝግታ፣ ዘይት ጠብ እያለበት። ስፋቱ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው፤ የገመዱ ሶኬት ካለፈ ይበቃል፣ «ለማንኛውም» ተብሎ አይስፋ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። የተበሳው ላሜራ ጠርዙ ምላጭ ነው። ገመዱ በዚያ ላይ አርፎ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይነቀነቃል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ላስቲኩ ይቆረጥና ሽቦው በሩን ይነካል፣ ቁልፉም ያለ ምክንያት የሞተ ይመስላል። ጠርዙን በሞረድ ያለዝቡ፣ አንቲረስት ይቀቡት፣ ሲደርቅ የጎማ ቀለበት ያስገቡበት። የጎማ ቀለበት ካጡ የውሃ ቱቦ ቁራጭ በቁመት ሰንጥቀው ጠርዙን ያልብሱት። የተበሳውን ብረት ሁሉ ሳይቀቡ አይለፉ፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲዘንብ ዝገቱ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

የቁጥር ሰሌዳው ከጀርባው ካለው ስስ ጎማ ጋር ይቀመጥ። ገመዱን ሲያሳልፉ አይጎትቱት፤ ሶኬቱ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚገባው፣ ካልገባ ያዙሩት እንጂ አይጫኑት። ብሎኖቹን በእጅ ካቻቢቴ ያጥብቁ። በድሪል ማጥበቅ የፕላስቲኩን ጥርስ ይገፋል ወይም ሰሌዳውን ያጎብጠዋል፤ የጎበጠ ሰሌዳ አንዳንድ ቁጥሩ ሳይጫን የተጫነ ይሆናል። ከጨረሱ በኋላ ዙሪያውን ሲሊኮን ያድርጉ፣ ከላይና ከሁለቱ ጎን ብቻ። ታቹን ክፍት ይተዉት፤ የገባ ውሃ መውጫ ካላገኘ ውስጡ ይቀመጣል።

የምላሱ መቀበያ ሲገጠም የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ከሁሉም ይበልጣል። ምላሱ በቀዳዳው መሐል ገብቶ በዙሪያው 2 ሚሊ ያህል ነጻ መሆን አለበት። ብረት በሙቀት ይረዝማል፦ 2.1 ሜትር ቁመት ያለው በር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሄድ 1 ሚሊ ያህል ያድጋል፤ የአሉሚኒየም ከሆነ 2 ሚሊ ይጠጋል። ከዚያ የሚብሰው መጉበጡ ነው። በሁለት በኩል ላሜራ የለበሰ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በር፣ ውጪው ከውስጡ በ15 ዲግሪ ቢግል በስሌት መሐሉ 2.5 ሚሊ ያህል ይጎብጣል። ጠዋት በቀዝቃዛው ተለክቶ ጥብቅ ተደርጎ የተገጠመ መቀበያ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ምላሱን የሚነክሰው ለዚህ ነው። ስለዚህ የመቀበያውን ብሎን መጨረሻ ማጥበቅ ያለባችሁ ከሰዓት፣ በሩ በጋለበት ሰዓት ነው፤ ከዚያም በማግስቱ ጠዋት ሞክሩት። መቀበያው ውስጥ ትንሽ ማግኔት ካለ፣ ቁልፉ በሩ መዘጋቱን የሚያውቀው በእሱ ነው። ማግኔቱ በቀጥታ ብረት ላይ ካረፈ ኃይሉ ይዳከማል፤ አብሮ የመጣውን የፕላስቲክ መደብ አይጣሉት። ማግኔቱ ካልተነበበ ወይ ጭራሽ በራሱ አይቆልፍም፣ ወይ በሩ ክፍት እያለ ምላሱ ይወጣና ልጅ በሩን ሲወረውረው ከመቃኑ ጋር ይጋጫል።

ሙከራው በሙሉ በሩ ክፍት እያለ ይሁን። ኮዱን ደጋግመው ይምቱ፣ ከውስጥ መክፈቻውን ያዙሩ፣ ድንጋዩን አውጥተው በድንገተኛው ኃይል ይክፈቱ፣ መጠባበቂያ ቁልፍ ካለው በእሱም። ይህ ሁሉ ሲሠራ ብቻ፣ ሰው ውስጥ ቆሞ፣ በሩን ይዝጉት።

ፋብሪካው የሰጠውን ዋና ኮድ ዛሬውኑ ይለውጡ፤ 123456 ሆኖ የቀረ ቁልፍ ክፍት በር ነው። ለቤተሰቡ ስድስት አሃዝ ያድርጉ። የልጅ የልደት ዓመት፣ የስልክ ቁጥር መጨረሻ፣ የቤት ቁጥር አይሁን፤ 2008 ብሎ የሚጀምር ኮድ መጀመሪያ የሚሞከረው ነው። ሁሉም ሰው አንድ ኮድ ብቻ ለዓመታት ሲመታ ሌላ ችግር ይመጣል፦ የሚጫኑት ቁጥሮች ይደበዝዛሉ፣ ወይም አቧራው ከእነሱ ላይ ብቻ ይጸዳል። በድሬዳዋ አቧራ ይህ በቀናት ውስጥ ይታያል። አራቱ ቁጥሮች የታወቁ ባለአራት አሃዝ ኮድ የቀረው ግምት 24 ብቻ ነው፤ ስድስቱ የታወቁ ባለስድስት 720። ስለዚህ ሰሌዳውን በየሳምንቱ በደረቅ ጨርቅ ሙሉውን ይጥረጉት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የተለያየ ኮድ ይስጡ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ይለውጡ። ቁልፉ ከእውነተኛው ኮድ በፊትና በኋላ የዘፈቀደ ቁጥር መጨመርን የሚፈቅድ ከሆነ ጎረቤት ፊት ሲከፍቱ ይጠቀሙበት። ለሠራተኛ የራሷ ኮድ ይኑራት፤ ስትለቅ በዚያው ቀን ይሰረዝ፣ የሌላው ሰው ኮድ አይነካም። ይህን ቁልፍ የገዛችሁበት ዋናው ምክንያት እሱ ነው።

ድንጋዩ «አልካላይን» ተብሎ የተጻፈበት ይሁን። ርካሹ ተራ ድንጋይ አቅሙ ትንሽ ከመሆኑ በላይ በሙቀት ያፈሳል፣ የፈሰሰው ደግሞ መያዣውን ይበላል። ቻርጅ የሚደረገው ዳብል ኤም አይስማማም፤ እያንዳንዱ 1.2 ቮልት ስለሆነ አራቱ 4.8 ብቻ ይሆናሉ፣ ቁልፉም ገና ሲገባ ደክሟል ብሎ ይጮኻል። አራቱንም በአንድ ጊዜ ይለውጡ፣ መስከረም ላይ አንዴ፣ መጋቢት ላይ አንዴ፤ ማስጠንቀቂያ አይጠብቁ። ምላሱ ላይ ዘይት አያፍሱ፤ ዘይት የድሬዳዋን አቧራ ይዞ ጭቃ ይሠራል። ሲሊንደሩ ከደረቀ የመጻፊያ እርሳስ ብናኝ ይበቃዋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጆች ስላሉ። ብዙዎቹ የሚለጠፉ ቁልፎች ከውስጥ በኩል አንዲት ትንሽ መግፊያ አላቸው፤ ስትገፋ ከውጭ የሚመታውን ኮድ ሁሉ ትከለክላለች። ትንሹ ልጅ ተጫውቶባት ቢተኛ ትልልቆቹ ከነኮዳቸው ውጭ ይቀራሉ። የምትገዙት ቁልፍ ይህች መግፊያ እያለች በመጠባበቂያው ቁልፍ ይከፈት እንደሆነ ሱቅ ውስጥ ሞክሩ፤ ካልተከፈተ ሌላ ይምረጡ። ሁለተኛው፣ ልጆች ቤት ውስጥ እያሉ በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ወይም በአሮጌው ቁልፍ ፈጽሞ አይቆልፉ። እሳት ቢነሳ ከውስጥ በአንድ ማዞር መውጣት አለባቸው። አሮጌው ቁልፍ እንዲቆይ ያልኩት ቤተሰቡ በሙሉ ለቀናት ሲሄድ ለመቆለፍ ነው። በሌላ ጊዜ ተከፍቶ ይዋል፤ አንድ ሰው በልማድ ቆልፎት ከወጣ ኮዱ ዋጋ የለውም። የአዲሱንም የአሮጌውንም መጠባበቂያ ቁልፍ ቤት ውስጥ መሳቢያ አታስቀምጡ፤ አንዱ በሥራ ቦታዎ፣ አንዱ በቅርብ ዘመድ ወይም በምታምኑት ጎረቤት እጅ ይሁን።

የግቢው በር ላይ ከተባለ፣ የኤሌክትሮኒክሱን እዚያ አያድርጉት። ዝናቡ፣ አቧራው፣ የሚያልፍ የሚያገድመው እጅ ሁሉ ያርፍበታል፤ ድንጋዩም ውስጥ ጥላ አያገኝም። ልጆቹ የግቢውንም በር በቁልፍ የሚከፍቱ ከሆነ ያዩትን መካኒካል ለእዚያ ይግዙት፤ 210 ኮድ ብቻ ቢኖረውም ከኋላው የሳሎኑ በር አለ።

ከሳሎኑ በር በላይ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚወጣ የቆርቆሮ ጥላ ያሠሩ፣ ቢያንስ የነሐሴን ዝናብና የእኩለ ቀኑን ፀሐይ ይይዛል። ዝቅ ብሎ የሚመጣውን የ10 ሰዓቱን ፀሐይ ግን አይከለክልም፤ ለእሱ የሰሌዳው ክዳንና በሩን ነጭ ወይም ሌላ ፈዛዛ ቀለም መቀባት ይሻላል። ከተገጠመ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት የሞተሩን ድምፅ ጠዋትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያዳምጡ። ከሰዓቱ ድምፅ ከረዘመ ወይም ከሻከረ ምላሱ እየተነከሰ ነው፤ የመቀበያውን ሁለት ብሎን አላልታችሁ በሩ በሚጎብጥበት አቅጣጫ 1 ሚሊ አንቀሳቅሱትና እንደገና አጥብቁ። ከዚያም ካልተስተካከለ ቁልፉን ትታችሁ ወደ ማጠፊያው ተመለሱ።